የመኪና መስታወት ጉም ሲይዝ፦ በክረምት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐምሌ ሲገባ የሹፌር እጅ ከመሪ ወደ መስታወት ሲመላለስ ይውላል። ዝናቡ ከውጭ ይወርዳል፣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይይዛል። ከዚያ ጨርቅ ፍለጋ ነው። ጨርቅ ከጠፋ ሶፍት፣ ሶፍት ካለቀ የሹራብ እጅጌ። ከዚህ በታች ያሉት በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኞቹ የአዲስ አበባንና የደጋውን ክረምት ይመለከታሉ። በረዶ አገር ላላችሁም ወደ መጨረሻው የሚሆን አለ።

መስታወቱ ጉም የሚይዘው ብርድ ስለሆነ ነው አይደል?

ብርዱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ እኛው ነን። የምንተነፍሰው አየር እርጥብ ነው። የረጠበ ጃኬት፣ ውሃ የጠጣ ምንጣፍ፣ ከወንበር ሥር የተወረወረ ጃንጥላ፣ ሁሉም እርጥበታቸውን ወደ ውስጥ አየር ይለቃሉ።

ሞቅ ያለ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፣ ቀዝቃዛ አየር ግን ጥቂት። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ መያዝ ይችላል። በ10 ዲግሪ 9 ግራም ገደማ ብቻ። በዜሮ ዲግሪ ደግሞ ወደ 5 ግራም ይወርዳል። ሰው የሞላበት ጋቢና አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ በድንገት ይበርዳል። ከዚያ በኋላ መሸከም ያቃተውን ውሃ እዚያው መስታወቱ ላይ ይጥለዋል። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ የሚያልበው በዚሁ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት። በክረምት ማለዳ ሙቀቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። አየሩ በዝናብ ጠግቧል። በዚህ ላይ አራት እርጥብ ሰው አሳፍራችሁ መስኮት ከዘጋችሁ መስታወቱ ጉም ባይይዝ ነበር የሚገርመው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚሠራው። እርጥቡን አየር ማድረቅ ወይም ማስወጣት፣ መስታወቱንም ማሞቅ። መጥረግ ሁለቱንም አያደርግም።

አሁን እየነዳሁ ነው፣ ፊት ለፊቴ አይታየኝም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ፍጥነት ቀንሱ። ጨርሶ ካልታያችሁ ፍሬቻ አሳዩና ዳር ያዙ። በሶፍት የጠረጋችሁት ሳህን በምታህል ቀዳዳ እያጮለቁ መንዳት ከመንገዱ ዳር የሚመጣውን እግረኛ አያሳይም።

ከዚያ ጎበጥ ያለ መስታወትና ወደ ላይ የሚጥመለመሉ ሦስት ቀስቶች የተሳሉበትን ቁልፍ ፈልጉ። እሱ አየሩን ወደ ፊት መስታወት ይልካል። ኤሲውን ክፈቱ። የሙቀት ማዞሪያውን ወደ ቀይ ውሰዱ። ፋኑን ከፍ አድርጉ። የውስጥ አየር ማዞሪያው በርቶ ከሆነ አጥፉት። መስኮትም ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይበል። ኤሲው በደንብ የሚሠራ ከሆነ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከታች ጀምሮ እየጠራ ሲመጣ ታዩታላችሁ።

በዚህ ብርድ ኤሲ ልክፈት? ኤሲ ለሙቀት አይደለም እንዴ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ብዙ ሰው ኤሲን የሚያውቀው ለአዋሽና ለድሬዳዋ መንገድ ብቻ ነው። ግን ኤሲ ሁለት ሥራ አለው። አየር ያቀዘቅዛል፣ አየር ያደርቃል። እኛ በክረምት የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ በጣም የሚቀዘቅዝ ክፍል አለ፣ ኢቫፖሬተር ይሉታል። አየሩ በእሱ በኩል ሲያልፍ መስታወቱ ላይ ሊጥለው የነበረውን ውሃ እዚያ ይጥላል። ውሃው በቀጭን ቱቦ ከመኪናው ሥር ይወርዳል። ኤሲ ተከፍቶ የቆመ መኪና ሥር ንጹህ ውሃ ሲንጠባጠብ አይቶ "መኪናህ ያፈሳል" የሚል መንገደኛ አይጠፋም። ያ ውሃ ከጋቢናው አየር ላይ የተነጠቀ ነው። ባይወጣ ኖሮ መስታወታችሁ ላይ ነበር።

ኤሲና ሂተር አብረው ይከፈታሉ ወይ? አዎ፣ አብረው ሲሠሩ ነው የሚያምርባቸው። አየሩ መጀመሪያ ኢቫፖሬተሩ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በሂተሩ በኩል አልፎ ይሞቃል። ወደ መስታወቱ የሚደርሰው ሞቃትና ደረቅ አየር ነው። ብርድ አይሰማችሁም። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የፊት መስታወቱን ቁልፍ ስትጫኑ ኤሲው ሳትነኩት አብሮ የሚነሳውም ለዚህ ነው። መብራቱ ሲበራ "ተበላሽቶ ነው" ብላችሁ አታጥፉት።

"ነዳጅ ይበላል" የሚለውስ? ይበላል፣ ጥቂት። በብርድ ጊዜ ግን ኮምፕሬሰሩ (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ክፍል) እንደ ቆላው አይደክምም፤ መስታወቱ ከጠራ በኋላም ፋኑን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሳይታያችሁ የፊተኛውን መኪና ገጭታችሁ የምትከፍሉት የስቶፕ መብራት ብዙ ነዳጅ ይገዛል። በዚያ ላይ ክረምቱን ሙሉ ሳይከፈት የከረመ ኤሲ በበጋ ስትፈልጉት ሊያስቸግር ይችላል። አልፎ አልፎ መሥራቱ ለራሱ ለኮምፕሬሰሩም ደግ ነው፣ ዘይቱ ይዘዋወራል።

ኤሲውን እንዳጠፋሁት መስታወቱ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነብኝ። ለምን?

ኤሲው ሲሠራ የሰበሰበው ውሃ ሁሉ ወዲያው አይወርድም። ከፊሉ ኢቫፖሬተሩ ላይ እንደረጠበ ይቀራል። ኤሲውን አጥፍታችሁ ፋኑን ከተዋችሁት አየሩ ያንን እርጥበት ይዞ ይመጣና ቀጥታ መስታወቱ ላይ ይነፋዋል። በቁልቁለት ላይ እንዲህ ቢሆን አስቡት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መንዳት እስክትጨርሱ ኤሲውን አታጥፉ። ብርዱ ከበዛ ሙቀቱን ጨምሩ እንጂ ኤሲውን አትንኩ። ማጥፋት ካለባችሁ አየሩን ከመስታወቱ ወደ እግር አዙሩትና መስኮት ከፈት አድርጉ።

የውስጥ አየር ማዞሪያ የምትሉት የቱ ነው?

የመኪና ምስል ውስጥ ታጥፎ የሚመለስ ቀስት ያለበት ቁልፍ ነው። ሲበራ ከውጭ አየር አይገባም። የተነፈሳችሁትን መልሳችሁ ትተነፍሳላችሁ፣ እርጥበቱም እዚያው ይዞራል።

ከተማችን ውስጥ ይህ ቁልፍ ለምን በርቶ እንደሚከርም ይገባኛል። ፊት ለፊት አንድ አይሱዙ ጥቁር ጭሱን ሲለቅ እጅ ራሱ ሄዶ ይጫነዋል። ችግሩ ጭሱ ካለፈ በኋላ የሚያጠፋው የለም። በአንዳንድ አሮጌ ሞዴል መኪና ቁልፍ ሳይሆን ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት እጀታ ነው። አብዛኛው ጊዜ ማንም ሳይነካው ዓመት ሙሉ በአንድ ቦታ ይኖራል። ዛሬ መኪናችሁ ውስጥ ስትገቡ እሱን እዩት። የብዙ ሰው ችግር እዚያው ያልቃል።

መኪናዬ ኤሲ የለውም፣ ወይም ጋዙ አልቋል። እኔስ?

መስኮት። ሌላ አቋራጭ የለም።

እዚህ ላይ ጠቡ ከመስታወቱ ጋር ሳይሆን ከተሳፋሪው ጋር ነው። ሚኒባስ ውስጥ አንድ መስኮት ገርበብ ሲል "ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ሊመታን ነው!" የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ይመጣል። ረዳቱ ይዘጋዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሹፌሩ በግራ እጁ መሪ፣ በቀኝ እጁ ጨርቅ ይዞ ደርዘን ሰው ይነዳል። ከኋላ ወንበር የሚሰማው ብርድ እንጂ የፊት መስታወቱ አይታይም። ሹፌሮች፣ ለተሳፋሪው ምክንያቱን ንገሩት። "መስኮቱን ከዘጋነው መንገዱ አይታየኝም" ሲባል የሚከራከር ብዙ ሰው የለም።

መስኮት ብዙ መከፈት የለበትም። ሁለት ጣት ያህል ይበቃል። ግን አንድ መስኮት ብቻ ከሆነ አየሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። በሹፌሩ በኩል ከፊት አንድ፣ በተቃራኒው ጎን ከኋላ አንድ ክፈቱ። እርጥቡ አየር የሚወጣበት መንገድ ያገኛል። ከመስኮቱ በላይ የሚለጠፈው ጠቆር ያለ የዝናብ መከላከያ ፕላስቲክ ለዚህ ነው ዋጋ ያለው። ዝናቡ ሳያረጥባችሁ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ መሄድ ያስችላል። ለጌጥ የሚገዛው ሰው ቢበዛም።

ከዚያ ፋኑን ከውጭ አየር ጋር ወደ መስታወቱ አዙሩና ሂተሩን ክፈቱ። ኤሲ ባይኖርም የሞቀ መስታወት ጉም አይይዝም።

ሂተሩን እከፍታለሁ፣ የሚመጣው ግን ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ አየር ነው።

ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርገን እንየው። ሰው ሂተሩ "ደካማ" ነው ብሎ ይተወዋል እንጂ ምክንያቱን አይፈልግም።

የነዳጅ መኪና ሂተር የራሱ እሳት የለውም። የሚጠቀመው የሞተሩን ሙቀት ነው። ከሞተሩ የሚመጣ የሞቀ ውሃ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፣ ፋኑ ደግሞ አየር ይነፋባታል። ስለዚህ ሞተሩ ካልሞቀ ሂተሩም አይሞቅም። ጠዋት ተነስታችሁ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች መታገስ ግድ ነው።

ግን ግማሽ ሰዓት ነድታችሁም ለብ ያለ ከሆነ አንድ ነገር ጠርጥሩ። ቴርሞስታቱ አለ? ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዝ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ ሞተር ሲያፈላ ብዙ መካኒክ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን አውጥቶ መጣል ነው። "አያስፈልግም፣ ለብርድ አገር ነው የተሠራው" ይባላል። የደብረ ብርሃንን ማለዳ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ማለቱ ሁሌ ይገርመኛል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋ መንገድ ላይ በቂ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይሄዳል። ነዳጅ ይጨምራል፣ ሞተሩ ይጎዳል፣ ሂተሩም ይሞታል። ምልክቱ ቀላል ነው። የሙቀት መለኪያው ቀስት ረጅም መንገድ ሄዳችሁም ከታች አካባቢ የሚቆይ ከሆነ መካኒኩን ጠይቁ።

ሁለተኛው ደግሞ የሂተሩ መስመር ራሱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ትንሿ ራዲያተር ስታፈስ መቀየር ውድ ነው ተብሎ ሁለቱን ቱቦ አገናኝተው ያልፏታል። መኪና ስትገዙ ይህን የሚነግራችሁ የለም። ኮፈኑን ክፈቱና ከሞተሩ ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች ፈልጉ። ሞተሩ ሞቆ፣ ሂተሩ ተከፍቶ ሁለቱም ሞቃት መሆን አለባቸው። ስትነኩ ግን ተጠንቀቁ፣ ይፈጃሉ።

ሦስተኛው የቧንቧ ውሃ ነው። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ውድ ስለሆነ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ሲደፉ መኖር ውስጡን ያዝገዋል። ዝገቱ መጀመሪያ የሚዘጋው ቀጫጭኑን መስመር ነው። የሂተሩ ራዲያተር ደግሞ ቀጭን ናት።

ዝናብ ባልዘነበበት ሌሊት እንኳ ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ ውሃ ይዞ ያድራል።

መኪናው ውስጥ የተደበቀ ውሃ አለ። ምንጣፉን አንሡና ሥሩን በእጃችሁ ጫን አድርጉ። ወይም ማታ የጋዜጣ ወረቀት ከምንጣፉ ሥር አድርጋችሁ ጠዋት እዩት። ረጥቦ ካገኛችሁት ፍለጋው ይጀመር።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መኪና እጥበት ነው። በክረምት ቅዳሜ መኪና ይታጠባል፣ ወለሉ በውሃ ይመታል፣ ላዩ ጠረግ ጠረግ ይደረግና ካርቶን ይነጠፍበታል። ላዩ ደረቅ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ውሃውን ጠጥቶ ተቀምጧል። ካርቶኑም ጭቃና ዝናብ ይጠጣና አብሮ ይረጥባል። ሰኞ ጠዋት መስታወቱ ያንን ውሃ ያሳያችኋል። በክረምት ውስጡን ማሳጠብ ካለባችሁ ፀሐይ በምትወጣበት ቀን ይሁን፣ በሮቹም ተከፍተው ይዋሉ። ካርቶኑ ከረጠበ ጣሉት። የላስቲክ ምንጣፍ ይሻላል፣ ማታ አራግፎ ማድረቅ ይቻላል።

እጥበት ካልሆነ ማፍሰስ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ካሉበት፣ ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ባህር ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና እነሱን በቅጠል ይደፍናቸዋል። ከዚያ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይገባል። የተቆራረጠ የበር ጎማ፣ ተሰብሮ በደንብ ሳይለጠፍ የተተካ የፊት መስታወት፣ ጣሪያ ላይ የሚከፈት መስኮት ካለው የእሱ ማፍሰሻ፣ ሁሉም ይታዩ። የትርፍ ጎማ ማስቀመጫውንም እዩ። ውሃ አቁሮ ሳለ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚከርምበት ቦታ ነው።

ውሃው በፊት ተሳፋሪው እግር በኩል ብቻ ከሆነና ኤሲ ስትከፍቱ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ቀደም ሲል ያልነው የኤሲ ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል ማለት ነው። ጋራዥ ውስጥ በቀላሉ ይጸዳል።

ጊዜያዊ እርጥበትም አይናቅ። ለበዓል የተገዛ እርጥብ ቄጤማ፣ ከምጣድ እንደወጣ በፌስታል የታሰረ ትኩስ እንጀራ፣ ዝናብ የመታው ነጠላ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ጉሙ ቅባት ቅባት ይላል፣ መኪናው ውስጥም ጣፋጭ ሽታ አለ።

ይህ ተራ ጉም አይደለም። የሂተሩ ራዲያተር ኩላንት እያፈሰሰች ነው። እንፋሎቱ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ በጨርቅ የማይለቅ ቅባት ይሠራል። የኩላንቱን መጠን እዩ፣ እየጎደለ ከሆነ አትዘግዩ። ኩላንት መርዝ ነው፣ ጎድሎ ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩን ያቃጥላል።

በእጅ ብጠርገው ምን ችግር አለው?

ለሦስት ሰከንድ ያሳያል፣ ከዚያ ያበላሻል። መዳፍ ላይ ቅባት አለ። ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ሲያበራ ያ የመዳፍ ምልክት በሙሉ ወደ ነጭ ጭረት ይቀየራል። ከዚህም የባሰው ነገር ጉም ቆሻሻ መስታወትን መውደዱ ነው። የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ በፀሐይ ሲግል የሚለቀው ስስ ቅባት፣ የሲጋራ ጭስ፣ የበጋ አቧራ፣ ሁሉም ከውስጥ በኩል ይለጠፋሉ። የውሃ ጠብታ የሚይዘው እነሱን ነው። ንጹህ መስታወት ቶሎ ጉም አይይዝም፣ ቢይዝም ቶሎ ይለቃል።

ችግሩ ከውጭ እንጂ ከውስጥ መስታወት የሚያጸዳ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ትንሽ አቼቶ በውሃ በጥብጡ ወይም የመስታወት ማጽጃ ግዙ። ሁለት ንጹህ ጨርቅ ያዙ። በአንዱ እርጥብ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ በሌላው ወዲያው አድርቁ። የፊት መስታወቱ ከዳሽቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ለእጅ አስቸጋሪ ነው፣ ቆሻሻው ግን የሚበዛው እዚያ ነው። ወንበር ላይ ተጠማዝዛችሁ፣ በእጃችሁ ጀርባ ጨርቁን ገፋ አድርጋችሁ ድረሱበት። ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ መስታወቱ ሲወይብ እንደገና።

ሳሙና፣ የጢም መላጫ አረፋ፣ ድንች፣ ጨው… ይሠራሉ?

አንዳንዶቹ ይሠራሉ። ሳሙናና የጢም አረፋ ጠብታዎቹን ወደ ስስ የውሃ ንጣፍ ስለሚቀይሩ መስታወቱ ያሳያል። ጥቂት ቀቡና በደረቅ ጨርቅ እስኪጠፋ ድረስ ፈትጉት። በዝተው ከቀሩ ማታ መብራት ያንጸባርቃሉ። ለጥቂት ቀን ያገለግላሉ፣ ከዚያ መድገም ነው። የሚሸጠው የጉም መከላከያ ስፕሬይም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፣ ትንሽ ይቆያል። ዝናብ እንዲያንሸራትት የሚቀባው ግን ለውጭ ነው። ከውስጥ ከቀባችሁት ጉሙን ያባብሳል።

የተቆረጠ ድንች መስታወቱ ላይ ያሹ ሰዎች ይሠራል ብለው ይምላሉ። እኔ የስታርች ጭረት ማጽዳት አልወድም፣ ድንቹን ለወጥ ተዉት።

ጨው እርጥበት ይስባል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ካለፈ በኋላ ነው በደንብ የሚስበው። ሲስብ ደግሞ ይቀልጥና ይፈሳል፣ ብረት ያዝጋል። ሩዝ ከምንም አይቆጠርም። ለቆመ መኪና ሲሊካ ጄል ወይም ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ እርጥበት መሳቢያ ከረጢት ይሻላል። ወለሉ እርጥብ ከሆነ ግን የትኛውም ከረጢት አያደርቅላችሁም።

ኤሌክትሪክ መኪና ነው የያዝኩት። የተለየ ነገር አለ?

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ደስ የሚለው ነገር ኤሌክትሪክ መኪና ሞተር እስኪሞቅ አያስጠብቅም። ሂተሩ በባትሪ ስለሚሠራ በአፍታ ይሞቃል።

መጥፎው ደግሞ ሰው ባትሪውን ሲሳሳ ሁሉንም አጥፍቶ መንዳቱ ነው። ያኔ መስታወቱ ይሸፈናል። እንዲህ አድርጉ። መኪናው ቻርጅ ላይ እያለ፣ ከመነሳታችሁ በፊት መስታወቱን አሙቁ። ስትነሱ በኤሲ አድርቁ፣ ሙቀቱን መጠነኛ አድርጉት። ብዙ ባትሪ የሚወስደው ጋቢናውን ማሞቅ ነው። የወንበር ማሞቂያ ካለው እሱ በትንሽ ኃይል ያሞቃችኋል።

ስክሪኑ በቻይንኛ ለሆነባችሁ፦ ጽሑፉን ተዉት፣ ሥዕሉን ፈልጉ። ጎበጥ ያለው መስታወት የፊት ነው፣ አራት ማዕዘኑ የኋላ። የማዞሪያውም ቀስት በሁሉም አገር መኪና አንድ ነው።

የኋላ መስታወትና ስፖኪዮስ?

በኋላ መስታወቱ ላይ የተሰመሩት ቀጫጭን መስመሮች ማሞቂያ ሽቦ ናቸው። ቁልፉን ተጫኑ፣ ሲጠራ አጥፉት። በብዙ መኪና ስፖኪዮውም በዚያው ቁልፍ ይሞቃል። አንድ መስመር ብቻ ካልጠራ ሽቦው ተቆርጧል። ስቲከር ለማንሣት እዚያ ላይ ቢላ አትጠቀሙ።

ጉሙ በመጥረጊያ ይለቃል። ከውጭ ነው ማለት ነው?

አዎ፣ ይህ ተቃራኒው ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ያውቁታል፣ በባህረ ሰላጤው አገሮች የሚነዱም እንዲሁ። ውጪው ሞቃትና እርጥብ ነው፣ ኤሲው መስታወቱን ከውስጥ አቀዝቅዞታል። ስለዚህ ውሃው ከውጭ በኩል ያርፋል። የዝናብ መጥረጊያውን አዙሩ፣ የኤሲውን ቅዝቃዜ ቀንሱ፣ አየሩንም ከመስታወቱ ወደ ፊታችሁ አዙሩት። እዚህ ላይ የፊት መስታወቱን ቁልፍ በቀዝቃዛ አየር መጫን ነገሩን ያባብሳል።

ጣርማበር ላይ እንደሚያጋጥመው ዓይነት የመንገድ ጉም ከሆነ ግን መስታወቱን ብትጠርጉም ብታሞቁም ለውጥ የለም። ለመለየት በጣታችሁ ከውስጥ መስመር ስቡ። ካልጠራ፣ መጥረጊያውም ካላጠራው፣ ጉሙ የመንገዱ ነው። አጭር መብራት አብርታችሁ ቀስ በሉ። ረጅም መብራት ጉም ላይ ተመልሶ ዓይናችሁን ነው የሚወጋው።

እኔ ያለሁት በረዶ አገር ነው። ይህ ሁሉ እዚያም ይሠራል?

በዴንቨር፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም ለምትነዱ አንድ ልዩነት አለ። ከዜሮ ዲግሪ አካባቢ በታች የብዙ መኪና ኤሲ ኮምፕሬሰር አይነሳም። አያስጨንቃችሁ። በዜሮ ዲግሪ ያለ የውጭ አየር በሜትር ኩብ 5 ግራም ውሃ እንኳ አይሞላም። እሱን አስገብታችሁ ስታሞቁት በጣም ደረቅ አየር ይሆናል። ስለዚህ የውጭ አየር ከሂተር ጋር ይበቃል፣ የውስጥ ማዞሪያውን ብቻ አጥፉ።

ጫማችሁን ሳታራግፉ አትግቡ። ምንጣፉ ላይ የቀለጠው በረዶ ሌሊት መስታወቱ ላይ ከውስጥ በኩል ይጋገራል። ከመጥረጊያዎቹ ሥር ያለውን በረዶም ጥረጉ፣ አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። ማታ ስትደርሱ ከመቆለፋችሁ በፊት በሮቹን ለአፍታ ከፍታችሁ ሞቃቱን እርጥብ አየር አስወጡት።

የፈላ ውሃ መስታወት ላይ አትድፉ፣ ይሰነጠቃል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም፣ የጭስ ማውጫው በበረዶ ተቀብሮ እያለም ሞተር አስነስታችሁ አታሙቁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ መኪና አቁሞ ሞተር እያስነሱ ማሞቅ ራሱ ያስቀጣል። እንግሊዝ ውስጥ መስታወቱ ሳይጠራ መንዳት ያስቀጣል።

ጋራዥ ስሄድ ምን ልበላቸው?

"መስታወቴ ጉም ይይዛል" ብቻ ካላችሁ የሚሰጣችሁ መልስ "ክረምት ነው" ነው። ለይታችሁ ጠይቁ። የኤሲ ጋዙ ይለካ። ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩ ይታይ። የሂተሩ ቱቦዎች አለመዘጋታቸው ይታይ። ኩላንቱ ይታይ። የኤሲው ማፍሰሻ ይነፋ።

ከዚያ የጋቢናው አየር ፊልተር። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ትይዩ ካለው ኪስ ጀርባ ነው፣ ኪሱን አውጥቶ በእጅ መድረስ ይቻላል። አንዳንድ አሮጌ መኪና ላይ ጨርሶ የለም። ፊልተሩ በአቧራ ከተደፈነ ፋኑ ይጮኻል እንጂ አየር አይመጣም፤ መስታወቱም ሳይደርቅ ይቀራል። በኮረኮንች መንገድ የሚሄድ መኪና ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ሲቀይሩላችሁ አጠገባቸው ቁሙ፣ አሮጌውንም አውጥተው ያሳዩአችሁ።